ከሽሪምፕ ጋር በአንድ ጉድጓድ ስለሚኖረው ትንሽ ዓሣ እስቲ የምታውቁትን ጻፉልኝ

መምህርት_ደብረሲና

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ሲና ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ አለው። ልጆቹ አንድ እንስሳ ይመርጣሉ፣ እናነብለታለን፣ ከዚያ በሚኒ ሚዲያ ለሌላው ተማሪ ያቀርቡታል። ሰሞኑን የመረጡት ጎቢ የሚባለውን ትንሽ የባሕር ዓሣ ነው። አንዷ ተማሪ በስልኳ አጭር ቪዲዮ አየች፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለሱ ሆኗል።

እስካሁን ያገኘሁትን ላስቀምጥ። አብዛኞቹ ከ10 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፉም። የሚኖሩት ሞቃት ባሕር ውስጥ፣ ኮራል ሪፍ (ጥቃቅን እንስሳት የሚገነቡት የባሕር ውስጥ ድንጋይ) አጠገብ ባለ አሸዋ ላይ ነው። ቤታቸው ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን ግን ዓሣው አይቆፍርም። የሚቆፍረው አልፊየስ የሚባል ሽሪምፕ፣ የክራብ ዘመድ የሆነ ቅርፊታም ትንሽ እንስሳ ነው። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ነው፣ ዓሣው ደግሞ አጥርቶ ያያል። አንዱ ይቆፍራል፣ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል። እንዲህ ተጣምረው የሚኖሩ የጎቢ ዝርያዎች ከ100 በላይ ናቸው።

ልጆቹ ግን እኔ ካነበብኩት በላይ ጠየቁ። ሽሪምፑ የማያይ ከሆነ ዓሣው አደጋ መጣ ብሎ በምን ይነግረዋል? ሰፊ ባሕር ውስጥ መጀመሪያ እንዴት ይገናኛሉ? ቀይ ባሕር ላይስ አለ? አንዱ ልጅ ደግሞ «እኛ ትምህርት ቤት በገንዳ ብናሳድገውስ?» አለ። ለማይክራፎን የሚሆን ሳይሆን እውነተኛ መልስ ልሰጣቸው እፈልጋለሁ። የምታውቁ አካፍሉኝ።

ታጁራ_ዳር

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። የአንኮበር ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ አሁን ጅቡቲ ነው። በእረፍት ቀኔ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይዤ ጥልቀት በሌለው ውሃ እዋኛለሁ። ቀይ ባሕር ላይም፣ እዚህ ታጁራ ባሕረ ሰላጤም አለ።

መልእክቱ የሚተላለፈው በመነካካት ነው። ሽሪምፑ አሸዋ እየገፋ ከጉድጓዱ ሲወጣ አንዱን አንቴናውን ዓሣው ላይ ያሳርፋል። ብዙ ጊዜ ጅራቱ አካባቢ። አሸዋውን ደፍቶ እስኪመለስ ድረስ ንክኪውን ለማጣት አይፈልግም። ዓሣው የሚያሰጋ ነገር ሲያይ ጅራቱን ቶሎ ቶሎ ያርገበግባል። ሽሪምፑ ይሄ ሲሰማው ወዲያው ወደ ኋላ ይመለሳል። አደጋው በጣም ከቀረበ ዓሣው በጭንቅላቱ ተወርውሮ ይገባል። ሽሪምፑ ያን ጊዜ ውስጥ ነው።

ማለትም ሁለት ዓይነት ማስጠንቀቂያ አለ። ጅራት ማርገብገቡ «ተጠንቀቅ» ነው። ተወርውሮ መግባቱ ሌላ ነው፤ ያኔ ሽሪምፑ ለረጅም ጊዜ ብቅ አይልም። ልጆቹ ይሄን ልዩነት ቢይዙት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ቪዲዮዎች ላይ አይነገርም።

እንዴት ይገናኛሉ ለሚለው ጥሩ ጥናት አለ። ኢላን ካርፕለስና ባልደረቦቹ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ነው። የቀይ ባሕሩን ክሪፕቶሴንትረስ የሚባል ጎቢና አልፊየስ ጅቡቴንሲስ የሚባለውን ሽሪምፕ ወስደው ምን እንደሚስባቸው ፈተኑ። ዓሣው ሽሪምፑን በዓይኑ አይቶ ይመጣል። ሽሪምፑ ደግሞ ዓሣው ውሃ ውስጥ የሚተወውን ኬሚካል ተከትሎ ይመጣል። ሁለቱም የሚፈላለጉት ባላቸው ነገር ነው።

ሸዋሮቢቴ

ይሄ አፉ ትልቅ የሆነው፣ ድንጋይ በአፉ እየተሸከመ ጉድጓድ የሚሠራው አይደለም እንዴ? ራሱ ቢጫ የሆነ። እሱን አይቻለሁ በቪዲዮ።

ዓሣ_ወዳድ_ደብረብርሃን

ወንድሜ ሸዋሮቢቴ፣ ያ ጆውፊሽ ነው። ሌላ ቤተሰብ ነው። ቢጫ ራስ ያለው ጆውፊሽ የሚገኘው ከእኛ ባሕር አይደለም። ፍሎሪዳ፣ ባሃማስና ካሪቢያን አካባቢ ነው።

እሱ ብቻውን ቆፋሪ ነው። አሸዋውን በአፉ እያፈሰ ያወጣል። ግድግዳው እንዳይናድ ድንጋይና የኮራል ስባሪ ይደረድራል። ቀን ቀን ከጉድጓዱ በላይ ቀጥ ብሎ ተንሳፍፎ ይቆማል፤ ውሃው የሚያመጣለትን ጥቃቅን እንስሳ ይለቅማል። ሲደነግጥ በጅራቱ በኩል እያፈገፈገ ይገባል። ማታ በሩን በድንጋይ ወይ በዛጎል ይዘጋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ወንዱ ነው። ሴቷ የጣለችውን እንቁላል ሰብስቦ አፉ ውስጥ ይይዘዋል፤ እስኪፈለፈል ድረስ። አልፎ አልፎ አፉን ከፍቶ እንቁላሉን ያገላብጠዋል፣ አየር እንዲያገኝ።

እኔ የንጹሕ ውሃ ዓሣ አሳድጋለሁ። የባሕር ገንዳ መጀመር ከፈለግኩ ቆይቷል። መምህርት፣ እርስዎ ከተስማሙ ለክበቡ እኔ ልሠራው እችላለሁ። አንድ ጎቢና አንድ ሽሪምፕ ብቻ። ልጆቹ በዓይናቸው ቢያዩት ከሺህ ሥዕል ይበልጣል።

ባሕረኛው_ዘመንዝ

ልጆቼ፣ ይህን ወሬ እዚህ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ ነው። በወጣትነቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበርኩ። ይህን ዓሣ አውቀዋለሁ። ስሙን ግን ዛሬ ነው የሰማሁት።

ውሃው እስከ ደረት በሚደርስበት፣ አሸዋና የኮራል ስባሪ በተቀላቀለበት ቦታ ነው የሚገኘው። ልታየው ከፈለግህ መቸኮል የለብህም። ጥላህ ጉድጓዱ ላይ ካረፈ አበቃ፣ ሁሉም ገብቷል። ራቅ ብለህ በደረትህ ተንሳፍፈህ ሳትንቀሳቀስ ትቆያለህ። መጀመሪያ የዓሣው ጭንቅላት ብቅ ይላል። ይቆያል። ከዚያ ግማሽ ሰውነቱ። ከዚያ ሽሪምፑ አሸዋ ተሸክሞ ይመጣል። አንዳንዱ በር ላይ ሁለት ዓሣ ታያለህ፣ ሽሪምፑም ጥንድ ነው። በሩ ላይ ትልልቁን የዛጎል ስባሪ ያደርጋሉ፤ አሸዋ ብቻውን ይደረመሳልና።

አንድ ነገር ልጨምር። ጭንቅላትህን ውሃ ውስጥ ስትነክር ባሕሩ ጸጥ ያለ አይደለም። ምጣድ ላይ ቆሎ እንደሚንጣጣ ያለ ድምፅ ሳያቋርጥ ይሰማል። የእነዚህ ሽሪምፖች ዘመዶች ድምፅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰርጓጅ መርከብ የሚያዳምጡ ሰዎችን በጣም ያስቸግር ነበር። ይህን ገና ስንሠለጥን ነው የተማርነው።

መምህርት_ደብረሲና

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ጥላህ ካረፈ አበቃ» ያሉትን ለልጆቹ እንዳለ አነብላቸዋለሁ። ታጁራ፣ አንተንም አመሰግናለሁ።

የሚንጣጣው ድምፅ ከየት ነው የሚመጣው? ገንዳ ስለተባለውም ሌላ ሰው ሐሳብ ቢሰጥበት።

የውሃ_ላብራቶሪ

ድምፁን በአጭሩ። እነዚህ ሽሪምፖች አንዱ ጥፍራቸው ከሌላው በጣም ይተልቃል። እሱን በኃይል ሲዘጉት ውሃው በፍጥነት ይወረወርና አረፋ ይፈጠራል። ድምፁ የሚመጣው አረፋው ወደ ውስጥ ሲደረመስ ነው እንጂ ጥፍሩ ተጋጭቶ አይደለም። ይሄ በ2000 (እ.ኤ.አ.) በፈጣን ካሜራ ተረጋግጧል።

ገንዳው ላይ ግን ልቆይበት፣ ምክንያቱም ሥራዬ ውሃ ነው፣ የምኖረውም ደብረ ብርሃን ነው።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 72 በመቶ ያህል ነው። ውሃ እኛ ጋ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 26 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 6.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ደብረ ብርሃን ላይ ያው ውሃ 5 አይሞላም። ጨው ሲጨመር ደግሞ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ሙቀት ሲጨመርም ይቀንሳል። ቀይ ባሕር ሁለቱም አለው። ጨዋማነቱ በሊትር 40 ግራም አካባቢ ነው፤ የሌላው ውቅያኖስ አማካይ 35 ነው።

አሁን የጉድጓዱን ነገር አስቡ። ገንዳው በላይ በኩል ጥሩ አየር ቢኖረውም ጉድጓድ ውስጥ ያለው ውሃ በቀስታ ነው የሚቀየረው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆም ቀድሞ አየር የሚያልቅበት እዚያ ውስጥ ነው። ዓሣውና ሽሪምፑ ደግሞ ሲጨንቃቸው የሚሸሹት ወደዚያው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ማሞቂያው ሲጠፋ የሚሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ጨውስ? የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው። የባሕር ውሃ ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ አይደለም። ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ባይካርቦኔት አለው። ለዚህ የተዘጋጀ ጨው መግዛት ግድ ነው። ለ100 ሊትር ውሃ 3.5 ኪሎ ይገባል፣ ውሃ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ እንደገና።

ዓሣ_ወዳድ_ደብረብርሃን

ጥሩ ትንታኔ ነው፣ ግን አይቻልም የሚያሰኝ አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ትልቅ የባሕር አኳሪየም ከፍታለች፣ ሻርክ ሳይቀር አለበት። ከፍታው ብቻውን አይገድልም። ውሃውን በደንብ ማንቀሳቀስ፣ ባትሪ ያለው የአየር ፓምፕ ማዘጋጀት ይቻላል። እኔ ለዚህ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ደጋ ላይ የተወለደ ልጅ ባሕርን በዓይኑ ማየት የለበትም የሚል ሐሳብ አይዋጥልኝም።

የውሃ_ላብራቶሪ

እኔም ማየት የለበትም አላልኩም ወንድሜ። ሜክሲኮ ሲቲ ያለው ቀን ከሌት ሠራተኛና ተጠባባቂ ጄኔሬተር ያለው ተቋም ነው። ትምህርት ቤት ግን ቅዳሜና እሑድ ይዘጋል፣ ክረምቱን በሙሉ ይዘጋል። በተጨማሪ አዲስ ገንዳ ዓሣ ሳይገባበት ከአንድ ወር በላይ መቆየት አለበት፤ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ። ይሄ ሁሉ ተችሎም የሚመጣው ዓሣ ከየት ነው? ገበያ ላይ ያሉት ጎቢዎች አብዛኞቹ ከባሕር የተያዙ ናቸው። ዓሣው ሲያዝ ሽሪምፑ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። የምናስተምረው ስለ አንድነታቸው ከሆነ እነሱን ለያይተን መጀመራችን ልክ አይመስለኝም።

አንተ ቤትህ ብትጀምር በውሃ ምርመራው እረዳሃለሁ። ከልቤ ነው። ግን በቀላሉ በሚራባ፣ ገንዳ ውስጥ በተወለደ ዓሣ ጀምር።

የጓሳ_ልጅ

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። መምህርት፣ ባሕሩ ሩቅ ነው። ሁለት የተለያዩ እንስሳት አብረው ሲሠሩ ማሳየት ከፈለግሽ ግን የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ሜዳ ቅርብሽ ነው።

እዚህ ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ አይሸሹም። ውሻ ቢመጣ ወደ ገደሉ ነው የሚሮጡት፤ ቀበሮውን ግን አጠገባቸው ሲሄድ ዝም ይሉታል። እሱም ግልገሎቻቸውን ትቶ ሣሩ ውስጥ ያለውን አይጥ ይከታተላል። መንጋው መሃል ሲሆን ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፣ እንዳያስደነግጣቸው የሚጠነቀቅ ነው የሚመስለው።

ይሄ እዚሁ ጓሳ ላይ ተጠንቷል፣ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ቀበሮው ጭላዳ መሃል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ከሞከረው 67 በመቶ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ነው። ምክንያቱ ገና እያነጋገረ ነው። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ አይጦቹ ተረብሸው ይወጣሉ የሚል አለ። ቀበሮው በመንጋው ተከልሎ አይጦቹ አያዩትም የሚልም አለ።

ልዩነቱን ግን ለልጆቹ ንገሪያቸው። ቀበሮው ይጠቀማል። ጭላዳው የሚያገኘው ጥቅም አልታየም። ጉዳትም የለበትም። ጎቢና ሽሪምፑ ግን ሁለቱም ይጠቀማሉ፣ ይነጋገራሉም። ቀበሮና ጭላዳ መካከል ጅራት ማርገብገብ የመሰለ ምልክት የለም። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጫቸው ልጆቹ አብሮ መኖር አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ያያሉ።

ሸዋሮቢቴ

ሁለቱም ይጠቀማሉ ስትሉ እኔ ሽሪምፑ የተበደለ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ አፈር ሲያወጣ ይውላል። ዓሣው ቆሞ ይውላል። ቤት ያገኘው በነጻ ነው።

ታጁራ_ዳር

ሲታይ እንደዚያ ነው። ግን ሽሪምፑ የሚቆፍረው ለዓሣው ብሎ አይደለም። አሸዋው ሁልጊዜ ይደረመሳል። ካልቆፈረ ራሱ ይቀበራል። ዓሣው ኖረም አልኖረም ይቆፍራል።

ትልቁ ነገር ከቤት ውጭ ያለው ጊዜ ነው። ሽሪምፑ ምግቡን የሚያገኘው በሩ አካባቢ ነው። አሸዋውንም ውጭ አውጥቶ መድፋት አለበት። ዓሣው ከሌለ ግን ብቅ ለማለት አይደፍርም። ስለዚህ ዓሣው ቆሞ ዋለ የምትለው ለሽሪምፑ የምግብ ሰዓቱ ነው። በሩ ላይ ያለው ዓሣ ሥራ ፈት አይደለም፣ ዓይኑ ያለማቋረጥ እየዞረ ነው። ሜዳው ላይ አዳኝ ዓሣ ሞልቷል። እሱም ቢሆን ጉድጓዱ ከሌለው ባዶ አሸዋ ላይ ብዙ አይቆይም።

ዓሣው እንቁላሉንም የሚጥለው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ወንዱ ይጠብቀዋል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ከውሃው ጋር ተንሳፍፈው ይሄዳሉ። ሲያድጉ አሸዋው ላይ ወርደው የራሳቸውን ሽሪምፕ ይፈልጋሉ። እንግዲህ የትኛውም ዓሣ ጓደኛውን ከወላጁ አይወርስም። ሁሉም ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ሁሉም ዝርያ ግን እኩል ጥገኛ አይደለም። አንዳንዱ ጎቢ ያለ ሽሪምፕ ፈጽሞ አይገኝም። አንዳንዱ ሲያገኝ ይጠቀማል፣ ሲያጣ ሌላ መሸሸጊያ ይፈልጋል።

የክበቡ_ጸሐፊ

ሰላም፣ የመምህርት ተማሪ ነኝ። ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው። ማታ ዓሣው ማየት አይችልም አይደል? ታዲያ ማታ ሽሪምፑን ማን ይጠብቀዋል? ሽሪምፑ ያለ ብርሃን መቆፈር ይችላል ብዬ አሰብኩ፣ ዓይኑ ስለማያስፈልገው።

ባሕረኛው_ዘመንዝ

ጎሽ የኔ ልጅ፣ ይህ የተመልካች ጥያቄ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱም ይገባሉ። በሩ አሸዋ ሞልቶት ይደፈናል። ሌሊት በመብራት ብትሄድ ጉድጓዱ የት እንደነበር አታውቀውም። ጠዋት ይከፈታል፣ ቀድሞ የምታየው ዓሣውን ነው። መቆፈሩን በጨለማ ይችለዋል፣ ልክ ብለሃል። በሩ ላይ መውጣቱን ግን ዓይን ያለው ጓደኛው ሳይኖር አያደርገውም።

መምህርት_ደብረሲና

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጸሐፊዬ መልሱን ደብተሯ ላይ ገልብጣዋለች።

ገንዳውን ትተነዋል። ዓሣ_ወዳድ፣ ፍላጎትህን ግን አልተውነውም። ያንተን የንጹሕ ውሃ ገንዳ ልጆቹ መጥተው ቢያዩ ደስ ይለናል። ስለ ኦክስጅኑ እዚያው ሆነን እናስረዳቸዋለን። የውሃ_ላብራቶሪ መለኪያ ይዘው ቢመጡልን ደግሞ ቁጥሩን ራሳቸው ያነቡታል።

ለሚኒ ሚዲያው ትርኢት አዘጋጅተናል። አንድ ልጅ ዓይኑ ይታሰርና ጠጠር ከክብ ውስጥ ወደ ውጭ ያወጣል። አንድ እጁ ሁልጊዜ የጓደኛው ጀርባ ላይ ነው። ጓደኛው አይናገርም፤ የሚያስጠነቅቀው ትከሻውን በማንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ሌሎቹ ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ትናንት ሞከሩት። ዓይኑ የታሰረው ልጅ እጁ ከጓደኛው ጀርባ ሲለቅ ወዲያው ይቆማል። ማንም አላዘዘውም። ከዚያ በኋላ ስለ አንቴናው ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የጓሳ_ልጅ፣ ክበቡን ይዤ ብመጣ መቼ ይሻላል? ቀበሮና ጭላዳ አብረው የማየት ዕድላችን ምን ያህል ነው?

የጓሳ_ልጅ

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ኑ፣ ጥቅምት መጨረሻ ወይ ኅዳር ላይ። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ ስትታጠፊ መንገዱ ያደርስሻል። ጭላዳ ገደል ላይ ነው የሚያድረው፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ሜዳው ይወጣል። እዚያ ሰዓት ላይ ቦታው ላይ መሆን አለባችሁ። ጭላዳ ታያላችሁ፣ ያ አያጠራጥርም። ቀበሮው አብሮ መገኘቱን ግን ቃል አልገባም፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ልጆቹ ወፍራም ልብስ ይልበሱ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። የርቀት ማያ መነጽር ካላችሁ አምጡ። ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር።